አኑቢስ ይገንዛል፣ ኦሳይረስ ይነግሣል

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም የሚጀምረው ከእኔ ነው። የአሥር ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ተውሳ ባመጣችው የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ የውሻ ራስ ያለው ጥቁር ሰው በተጋደመ ሬሳ ላይ አጎንብሶ አየችና ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የግብፆች የሞት አምላክ ነው፣ ነፍስ ይወስዳል፣ ብዬ ተገላገልኳት። ሌሊቱን ግን መልሴ ከነከነኝ። ተነሥቼ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ አኑቢስ የጥንት ግብፃውያን መልአከ ሞት እንደሆነ፣ ኦሳይረስ የሚባለውም የእርሱ ሌላ ስም ሳይሆን እንደማይቀር ጻፍኩና ከተሳሳትኩ አርሙኝ አልኩ። ቀኑ ጳጉሜን 1 ነበር። ያን ጊዜ ቀኑን ልብ አላልኩትም።

በአምስት ቀን ውስጥ 43 መልስ መጣ። ዘግይቶ ለሚገባ አንባቢ የመልሶቹ ክር የሄደበትን መንገድ ልንገረው፤ ስድብ ብቻ የያዙትን ዘልያለሁ።

መልስ 1ን የጻፉት አዛውንት ይመስሉኛል። ልጄን ስለማስተማሬ አመስግነው ሲያበቁ በሁለት በኩል አረሙኝ። አኑቢስ ማንንም አይገድልም፣ የማንንም ነፍስ አይነጥቅም፤ የእርሱ ሥራ የሚጀምረው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ሬሳውን ያሰናዳል፣ በበፍታ ይጠቀልላል፣ መቃብሩን ይጠብቃል፣ የሟቹ ልብ በሚመዘንበት በፍርዱም ሰዓት ሚዛኑ አጠገብ ይቆማል። ኦሳይረስ ደግሞ ሌላ ነው፦ ራሱ ተገድሎ፣ ራሱ ተገንዞ በሙታን አገር ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ። አንዱን ገናዥ፣ ሌላውን ንጉሥ ብንላቸው እንደሚበቃ ጽፈው ተሰናበቱ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዬ እዚያው ተመልሶ ነበር።

ክሩ ግን አላበቃም። መልስ 2 ነገሩን ወደ እድር ቋንቋ አምጥቶ አኑቢስን ሬሳ አጣቢ፣ ኦሳይረስን የእድሩ ሊቀመንበር አደረጋቸው። እኔ ሳቅሁ።

ከሁሉ የጠቀመኝ መልስ 3 ነው። እንደ ጸሐፊው አገላለጽ ገናዡ ከንጉሡ ይቀድማል። አኑቢስ ከመጀመሪያው ሥርወ መንግሥት ጀምሮ ይታወቃል፤ የኦሳይረስ ስም ግን ተጽፎ የሚገኘው ከአምስተኛው ሥርወ መንግሥት ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን መጨረሻ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2350 ገደማ፣ ሳቃራ ላይ በተሠራው በንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ውስጥ ግድግዳው ጸሎት ተቀርጾበታል፤ በጸሎቱም የሞተው ንጉሥ ኦሳይረስ ኡናስ እየተባለ ይጠራል። የምዕራባውያን አለቃ የሚለው ማዕረግ ሳይቀር መጀመሪያ የኦሳይረስ አልነበረም። ምዕራብ ፀሐይ የምትጠልቅበት የሙታን ወገን ነው፤ አለቃውም በአቢዶስ የሚመለክ የቀበሮ መልክ ያለው አምላክ ነበር። ኦሳይረስ መጣና ማዕረጉን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ለንጉሥ ብቻ የነበረው ስም ወደ ሹማምንቱ፣ ከሹማምንቱም ወደ ሌላው ሰው እየወረደ ሄደና፣ እኛ ነፍስ ኄር እገሌ እንደምንለው እነርሱም ሟቹን ሁሉ ኦሳይረስ እገሌ ይሉት ጀመር። ነፍስ ኄርን የጠቀሰው መልስ ሰጪው ነው፤ እኔ ብሆን አልደርስበትም ነበር። ለእኔ የታየኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሹመቱን የተነጠቀው አምላክ ሥራውን አልተነጠቀም። ዙፋኑን የፈለገ ብዙ ነበር፣ ሬሳውን የፈለገ ግን አልነበረም።

በመልስ 4 እኔው ሰዎቹን አመስግኜ ኦሳይረስ እንዴት እንደሞተ ጠየቅሁ። መልስ 5 ግን ለእኔ ሳይሆን ለመልስ 2 የተጻፈ ነበር፣ ቁጣም ነበረበት። የጸሐፊው አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈሩን ሬሳ ሲገንዙ ኖረዋል። ሌሊት በራቸውን የማያንኳኳ ጎረቤት አልነበረም፤ በሰርግ ቤት ግን አጠገባቸው ለመቀመጥ የሚያመነታው ብዙ ነበር። እድሩ የሚሳቅበት ከሆነ ሌላ ቦታ ይሳቅበት አለ። መልስ 2 ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። መልስ 6 ይህን ተከትሎ ያመጣው ነገር ጉዳዩን አጠለቀው፦ ጥንታዊው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ የሲሲሊው ዲዮዶሮስ እንደጻፈው በግብፅ የሬሳውን ጎን በድንጋይ ቢላ የሚቀደው ሰው ሥራውን እንደጨረሰ ይሸሻል፤ እዚያው የቆሙት ሰዎችም በድንጋይ እየወገሩ ያባርሩታል። የሟችን ገላ አቁስሏልና። መድኃኒቱን የሚያደርጉት ግን ከካህናት ጋር የሚቀመጡ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። የመልስ 5 ጸሐፊ ይህን አንብቦ አባቱ ቢሰሙት ይገርማቸው እንደነበር ጻፈ፤ ቁጣውም በዚያው በረደ።

መልስ 7 የኦሳይረስን ሞት ተረከ። ኦሳይረስ ግብፅን በበጎ ሲያስተዳድር ወንድሙ ቀናበት፤ 72 ሰዎች አሢሮ በልኩ የተሠራ ሣጥን ለግብዣ አቀረበ፣ ልኩ የሆነለት ይውሰደው ብሎ ኦሳይረስ ሲጋደምበት ክዳኑን ቸንክሮ አባይ ውስጥ ጣለው። ሚስቱ ኢሲስ ሬሳውን ፈልጋ ብታገኘው ያው ወንድም 14 ቦታ ቆራርጦ በተነው። ኢሲስ ቁራጩን ሰበሰበች፤ ዓሣ ከዋጠው ከአንድ ብልት በቀር። አኑቢስም በበፍታ ጠቅልሎ የመጀመሪያውን የደረቀ ሬሳ ሠራ።

የዚያ ወንድም ስም ሴት ነው። መልስ 7 ሴት ገደለው ብሎ ጽፎ ነበርና መልስ 8 ያንን ይዞ ከደሊላ ጀምሮ እስከ ራሱ የቀድሞ እጮኛ የሚደርስ ረጅም ክስ በሴቶች ላይ አቀረበ። ሦስት አንቀጽ ሙሉ! መልስ 9 በሳቅ ብቻ የተሞላ ነው። መልስ 10 የቋንቋ መምህርት ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ግሱ ገደለው እንጂ ገደለችው እንደማይል አሳይተው፣ ስሙን ቢሳሳቱ ይቅር የሚባሉትን ያህል ግሱን ሳያዩ ለፍርድ መሮጥ እንደማይገባ መልስ 8ን ገሠጹት። መልስ 11 በሙታን አገር ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ በከበደበት ነበር አለ። ከዚህ ወዲህ ሁሉም ወንድሙ ሴት እያለ ይጽፋል።

መልስ 12 በትረካው ላይ ውኃ ቸለሰበት፣ በጎ አደረገ። ሣጥኑንም 72ቱንም ሰዎች አያይዞ የጻፈው ግሪካዊው ፕሉታርክ ነው፤ እርሱ ከክርስቶስ ልደት በኋላ የኖረ ሰው ነው። ግብፃውያኑ ግን ግድያውን በግልጽ መጻፍ አይወዱም ነበር፤ በጸሎቶቻቸው ውስጥ እዚህም እዚያም ጠቆም አድርገውት ያልፋሉ። አኑቢስ ኦሳይረስ ከኢሲስ እህት ከኔፍቲስ የወለደው፣ ኢሲስ ያሳደገችው ነው የሚለውም ከዚሁ ከፕሉታርክ የመጣ ነው።

ቀኑን ያስተዋለው መልስ 13 ነው። ጥያቄዬን በጳጉሜን 1 መለጠፌ ሆን ብዬ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አልነበረም። የግብፅ ዓመት ባለ 30 ቀን 12 ወራትና 5 ትርፍ ቀናት ነበሩት። የሰማይቱ አምላክ ኑት በዓመቱ ቀናት ሁሉ እንዳትወልድ ተረግማ ስትቸገር፣ የጥበብ አምላኩ ቶት ከጨረቃ ጋር ተጫውቶ ከብርሃኗ ሰባኛውን እጅ አሸነፈ፤ በዚያ አምስት ቀን ሠራላት። በአንደኛው ቀን ኦሳይረስ፣ በሁለተኛው ታላቁ ሆረስ፣ በሦስተኛው ወንድሙ ሴት፣ ከዚያ ኢሲስና ኔፍቲስ ተወለዱ። የእኛ ጳጉሜን በእስክንድርያ በኩል የወረስነው የእነዚያ ትርፍ ቀናት ልጅ ነው። መልስ 14 ሦስተኛዋን ቀን ያዘ፦ ሴት የተወለደባት ቀን ለግብፅ ነገሥታት እንደ ክፉ ቀን ትቆጠር ስለነበር ሥራ አይሠሩባትም ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ጳጉሜን 3 ቅዱስ ሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ ጠበል ሆኖ ልጆች ራቁታቸውን የሚሮጡበት።

መልስ 15 ተቆጣ። የቅድስት ቤተ ክርስቲያንን ዘመን መቁጠሪያ ከጣዖት ልደት ጋር ማገናኘት ድፍረት ነው አለ። የመልስ 16 እርጋታ ደስ ይላል፦ ቀን መቁጠሪያ እንደ ማረሻ መሣሪያ ነው፣ መጀመሪያ የያዘው ሰው እምነት አይጣበቅበትም፤ ደግሞም የጥንቱ ግብፅ ዓመት በአራት ዓመት አንድ ቀን ስለማይጨምር ትርፍ ቀናቱ በየወቅቱ ይንሸራተቱ ስለነበር የዛሬዋ ጳጉሜን 1 የኦሳይረስ ልደት ናት ብሎ ጣት መቀሰር አይቻልም። መልስ 15 መልስ አልሰጠም፤ አምኖበት ይሁን ተቀይሞ አላወቅሁም።

ወደ ግንዛቱ የመለሰን መልስ 17 ነው፤ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 50ን ጠቀሰ። ዮሴፍ አባቱን ያዕቆብን ባለመድኃኒቶች በሽቱ እንዲያሹት ሲያዝዝ ሥራው 40 ቀን ፈጀ፣ ግብፃውያንም 70 ቀን አለቀሱ። መልስ 18 እነዚህን ቁጥሮች ከሌላ በኩል አረጋገጠ፦ ከሞት እስከ ቀብር 70 ቀን ልማድ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 40 ያህሉ ሬሳው ናትሮን በሚባል ጨው ተቀብሮ የሚደርቅበት ነው። ጨዉ ከዋዲ ናትሩን ይመጣ ነበር፤ ዋዲ ናትሩን ማለት ደግሞ በገድላትና በስንክሳር የምናውቀው የአባ መቃርስ በረሃ፣ አስቄጥስ ነው። ሬሳ የሚደርቅበት ጨው የሚቆፈርበት ሸለቆ ኋላ መነኮሳት ሥጋቸውን የሚያደርቁበት ሆነ። (ይህ የእኔ አባባል ነው፣ መልስ ሰጪውን አትውቀሱት።) መልስ 19 የአርባ ቀን ተዝካራችን ከዚሁ የመጣ ነው ብሎ በእርግጠኝነት ተናገረ፤ መልስ 20 ቁጥር ስለተመሳሰለ ዝምድና አይቆጠርም፣ ዐርባውን ሁሉ ወደ ግብፅ ከወሰድን ዐቢይ ጾምም የፈርዖን ሊሆን ነው፣ ሲል ዘጋው። እዚህ ላይ ከመልስ 20 ጋር ነኝ።

ከመልስ 21 እስከ 24 እንስሳው ቀበሮ ነው ወይስ ውሻ የሚል ሙግት ነው፤ አንዱ የእንስሳት ሊቅ መሆኑን ነግሮን እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የዘር ጥናት መሠረት የአፍሪካው እንስሳ ከእስያው ቀበሮ ተለይቶ የአፍሪካ ተኩላ መባሉን፣ በኢትዮጵያም እንደሚገኝ፣ ከባሌው ቀይ ቀበሮ ግን የተለየ መሆኑን አስረዳ። ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ባሌ ተራሮች ሄዶ ሊቀር ነበር። ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ያዝኩ። ቀለሙ የእንስሳው አይደለም፤ እንስሳው ዳለቻ ሲሆን አኑቢስ የጠቆረው የደረቀ ሬሳ ስለሚጠቁርና የአባይ ደለልም ጥቁር፣ ለምም ስለሆነ ነው። እንስሳው የተመረጠውም በበረሃው ዳር ጥልቀት የሌለውን መቃብር እየቆፈረ ስለሚያስቸግር ነው ይባላል፤ ቆፋሪውን ዘበኛ አድርገው ሾሙት። እኛ አገር ቢሆን ሹመቱ ለጅብ ነበር። ሳቃራ ውስጥ ለአኑቢስ የተሰጠው የምድር ውስጥ ዋሻ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጉ እንስሳት ሳይቀበሩበት እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ገምተዋል፤ አብዛኞቹ ውሾች፣ ብዙዎቹም ከተወለዱ ቀናት ያልሞላቸው ቡችሎች።

መልስ 25 አኒ የሚባለውን የጥንት ግብፃዊ ጸሐፊ ጥቅል አመጣ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1250 ገደማ የተዘጋጀ፣ ርዝመቱ 24 ሜትር ያህል የሆነ ፓፒረስ፣ የሙታን መጽሐፍ ከሚባሉት ጥቅሎች አንዱ። በዚያ ሥዕል ላይ አኒና ሚስቱ አጎንብሰው ይገባሉ። በአንዱ የሚዛን ሳህን ልቡ፣ በሌላው ማዓት የምትባለው የእውነትና የፍትሕ ላባ አለ፤ ከእኛ መዓት ጋር እንዳታምታቱት ብሎ አስጠነቀቀ፣ ከመልስ 8 በኋላ ማስጠንቀቁ አይፈረድበትም። አኑቢስ ተንበርክኮ ሚዛኑን ያስተካክላል። ቶት ይጽፋል። ከኋላው አሚት የምትባለው፣ ፊቷ አዞ፣ ደረቷ አንበሳ፣ ወገቧ ጉማሬ የሆነች አውሬ የከበደውን ልብ ልትበላ ትጠብቃለች። ቀልሎ ከተገኘ የኦሳይረስ ልጅ ሆረስ እጁን ይዞ ዙፋኑ ላይ ወደተቀመጠው ኦሳይረስ ያቀርበዋል። ለልጄ ማሳየት የነበረብኝ ይህንን ነው፤ አንዱ ሚዛን ያያል፣ ሌላው ተቀምጦ ይቀበላል።

ለምን ልብ ለሚለው መልስ 26 ሁለት ዐረፍተ ነገር በቃው። ገናዦቹ አንጎሉን በአፍንጫ በኩል በሜንጦ ጎትተው ይጥሉታል፣ ልቡን ግን በቦታው ይተዉታል፤ ልብ በል፣ ልቦና ይስጥህ፣ ልበ ቢስ ለሚል ሕዝብ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መልስ 27 ከዚያ አለፈ፦ በሟቹ ደረት ላይ በሚቀመጠው የጥንዚዛ ቅርጽ ድንጋይ ላይ የሚጻፍ ጸሎት አለ፣ ሰውየው የገዛ ልቡን በፍርድ ቀን ተነሥቶ እንዳይመሰክርበት የሚለምንበት። ይህን ሳነብ ቆየሁ። ፈራጁን አይለምንም፣ አውሬዋንም አይለምንም፤ የሚያውቅበትን ምስክር ነው የሚለምነው። መልስ 28 በምፀት ሌላ ጨመረ፦ ጥቅሎቹ ብዙ ጊዜ ተጽፈው ያለቁ፣ የስም ቦታ ብቻ ክፍት የተተወላቸው ሆነው ይሸጡ ነበር፤ ገንዘብ ያለው ስሙን አስገብቶ አልሰረቅሁም፣ አልገደልሁም ይል ነበር።

ሚዛን ከተነሣ በላዔ ሰብ ሳይነሣ አይቀርም፤ በመልስ 29 ተነሣ። 78 ሰው የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛን ደፋለት። መልስ ሰጪዋ ልዩነቱን እንዲህ አየችው፦ በአኒ ሥዕል ላይ ሚዛኑን የሚያጋድል ምሕረት የለም፤ አኑቢስ ለማንም አያዳላም፣ የእኛው ሚዛን ግን የምታማልድ አለችው። መልስ 30ን የጻፈው ራሱን ዲያቆን ነኝ ያለ ነው፤ የኪዳነ ምሕረትን ተአምር ከውሻ ራስ ጋር በአንድ ገጽ ማየት እንዳሳመመው ገለጸ። ቃሉ ስለታም ነበር። መልስ 31 ሊያስታርቅ ገብቶ እሳቱን አራገበው፦ የአኒን ጥቅል በ1888 ለብሪቲሽ ሙዚየም የገዛው ዋሊስ በጅ፣ ጥቅሉም በ37 ቁራጭ የተቆራረጠው በእርሱ እጅ፣ ኋላ ክብረ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ፣ በ1929 ደግሞ ከሬሳ ጋር የሚቀበረውን ልፋፈ ጽድቅን የኢትዮጵያ የሙታን መጽሐፍ የሚል ስም ሰጥቶ ያሳተመ ያው ሰው ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዲያቆኑ በመልስ 32 ተመለሰና ስሙን የለጠፈው ባዕድ ነው፣ ባለቤቶቹ እንዲህ ብለውት አያውቁም አለ። ትክክል ነው። ግን መልስ 33 ይህን ክስ ግብፃውያኑም ሊያቀርቡት ይችሉ እንደነበር አሳሰበው፦ የሙታን መጽሐፍ የሚለውን ስም በ1842 ያወጣው ጀርመናዊው ሌፕሲየስ ነው፤ እነርሱ የሚሉት በቀን ስለ መውጣት ነበር። ዲያቆኑ ይህን እንደማያውቅ አምኖ አመሰገነ። በዚህ ክር ውስጥ ሁለት ሰዎች በእውነት የተገናኙበት ቦታ ይህ ነው።

ከመልስ 34 እስከ 37 ባትደርሱበት ይሻላል። አንዱ ኦሳይረስ ኢትዮጵያዊ ነበር አለ፣ ምስክሩ ዲዮዶሮስ ነው፤ ግብፃውያን በኦሳይረስ መሪነት የወጡ የኢትዮጵያ ሰፋሪዎች ናቸው የሚል ነገር በእርግጥ ጽፏል፣ ኢትዮጵያውያኑ እንደሚሉት ብሎ። ሌላው የግሪኮቹ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው አገር፣ በተለይም የዛሬዋ ሱዳን ውስጥ ያለችው ሜሮኤ መሆኗን ሲያስረዳ ባንዳ ተባለ። ለሙታን አምላክ ባንዳ! ከጭቅጭቁ የተረፈው ፍሬ ቲርሐቅ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚለው ይህ ሰው የኩሽ ሰው ሆኖ ግብፅን ገዝቷል፤ ሱዳን ውስጥ ኑሪ ላይ በሠራው ፒራሚድ ሥር ሲቀበር በወዲያኛው ዓለም የሚያገለግሉት ከ1000 በላይ ትንንሽ ምስሎች አብረውት ተቀብረዋል። ኦሳይረስን ከደቡብ አልወሰዱትም፤ ደቡብ ግን በደንብ ተቀብሎታል። የመድረኩ አስተባባሪ ሁለቱን ሰዎች አስጠንቅቆ ጭቅጭቁን አስቆመ።

መልስ 38 የመጣው ከካይሮ ነው። በሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት፤ በአንድ የዕረፍት ቀኗ በታህሪር አደባባይ ያለውን ሙዚየም አይታለች። ወርቁ ሳይሆን የደረቁት እንስሳት ክፍል ነው ያቆማት። እንደ ልጅ ተጠቅልሎ የተኛ ውሻ አየች። ያኔ ከእርሷ ጋር ትኖር የነበረች ልጅ ሞታ፣ ሬሳዋን ወደ አገር ቤት ለመላክ ሐበሾቹ ሁሉ ገንዘብ ያዋጡበት ሳምንት ነበር። ለውሻው ይህን ያህል የደከመለት ሰው ማን እንደሆነ እያሰበች እንደወጣች ጻፈች። ሌላ አልጨመረችም። ለግማሽ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

መልስ 39 ከእርሷ ቀጥሎ ለመጻፍ የደፈረው፣ ስለ ሲኑሄ ነው የነገረን። ከግብፅ ሸሽቶ በባዕድ አገር የከበረ፣ ሲያረጅ ግን የሚያንገበግበው የመቀበሩ ነገር ብቻ የሆነበት ሰው ነው፤ ንጉሥ ቀዳማዊ ሰኑስረት ና፣ በባዕድ በበግ ሌጦ ተጠቅልለህ አትቀበርም፣ ሽቱና በፍታ ይጠብቅሃል ብሎ ጻፈለት። ታሪኩ ከአራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከነበረው ዘመን የመጣ ነው። መልስ 40 የእኔ ነው፤ እህታችንን ነፍስ ይማር አልኳት፣ የሚባል ሌላ አልነበረኝም። መልስ 41 ወደ ሉክሶር የሚሄድ አውቶቡስ ዋጋ ይጠይቃል፤ የመጣው ከየት እንደሆነ አላውቅም።

ጳጉሜን 5 ማታ መልስ 42 ወደ መጀመሪያው ነገር መለሰን። አምስቱ ቀናት ለአምስት አማልክት ከተከፋፈሉ በዘመነ ሉቃስ የምትመጣው ጳጉሜን 6 የማን ልደት ናት? መልስ 43ን የጻፉት የመልስ 1 አዛውንት ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 በካኖፐስ የተሰበሰቡ የግብፅ ካህናት በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር ወስነው ነበር፤ ለኦሳይረስም ለአኑቢስም አልሰጧትም፣ የንጉሡ የሣልሳዊ ጰጦሎሜዎስና የሚስቱ የበሬኒቄ በዓል ትሁን አሉ። ሕዝቡ አልተቀበላቸውም። ቀኒቱ የገባችው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ሮማውያን አገሩን ከያዙ በኋላ፣ ንጉሡም ንግሥቲቱም ከተገነዙ ብዙ ዘመን አልፏቸው ነው።